ባጊዬ ኩርባ ላይ ጭራዋን ትጥላለች፤ የአዳማ አቧራ ላይ ምን ላድርጋት?

የፍራንኮ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ከአዳማ ነው የምጽፈው። ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው፤ ስለዚህ ብየዳና ትንንሽ ብሎን አያስፈራኝም። ይቺ መኪና ግን ከበደችኝ።

ከስድስት ወር በፊት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ አንድ ያገለገለች የሪሞት ባጊ፣ አፈር ላይ የምትነዳ ትንሽ መኪና፣ ይዞልኝ መጣ። 1/10 ናት፤ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ። የሚገፋት የኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ሞተሯ መሀል ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ብራሽለስ፣ 3300 ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 3300 ዙር)። ባትሪዋ ባለ 2 ሴል ሊፖ። ካርቶን የላት፣ ማኑዋል የላት። በፊት የማን እንደነበረች አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አራት ሆነን እንገናኛለን። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ ያለ ባዶ ሜዳ ነው። ባለቤቱ ፈቅዶልናል። በአሮጌ ጎማና በድንጋይ መስመር አበጅተናል። ሁለት ዝላይ አለው፤ አንዱ አፈር የሞላንበት ማዳበሪያ ነው። መሬቱ ከሥር ደርቆ የጠነከረ ነው። ከላይ ግን እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ተኝቶበታል። አቧራው ውስጥ ደግሞ ከብሎኬቱ የሚመጣ የፓሚስ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ፍርፋሪ አለ። አዳማን የምታውቁ ነፋሱንም ታውቁታላችሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጨዋታ የለም፤ መኪናዋ ራሷ አትታይም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ቀጥታው ላይ የሚደርስብኝ የለም። ኩርባ ላይ ስደርስ ግን ጭራዋን ትጥላለች። ትዞርና ወደ መጣችበት ታያለች። ከዝላይ ስታርፍ ደግሞ እንደ ኳስ ትነጥራለች፤ አንዳንዴም በጀርባዋ ትተኛለች። ባለፈው ቅዳሜ በአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ተበላሁ። የልጁ መኪና ፎር ዊል ስለሆነች ነው ብዬ ወጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እስካሁን ያደረግኩት ይህ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ ያሳየውን ሴታፕ እንዳለ ገለበጥኩ፤ ካምበሩን (የጎማውን ጋደል ማለት)፣ የሾኩን ቀዳዳ፣ ሁሉን። ሾኮቹ ደርቀው ስለነበር ዘይት ሞላኋቸው። ሞላውንም በጠንካራ ቀየርኩት። ጎማው አብሯት የመጣው ነው፤ ጥርሱ አጭር አጭር ነው፣ ግን አላለቀም። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ከየት ልጀምር?

በግ ይሻላል

ስንት ፈጀብህ? በዚያ ብር በግ ገዝተህ ቢሆን እስካሁን ወልዳልህ ነበር።

የፍራንኮ ልጅ

በግማ ብገዛ እናቴ ለፋሲካ ታርድብኝ ነበር።

ካምቢዮ

ወንድሜ፣ ከመመለሴ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅህ።

አንደኛ፣ ጭራዋን የምትጥለው ጋዝ ስትሰጣት ነው ወይስ ስትለቅባት? ከጭንቅላትህ አትመልስልኝ። ውጣና አይተህ ና።

ሁለተኛ፣ ሾኩ ውስጥ የሞላኸው ምን ዘይት ነው?

እኔ ሐዋሳ ነው ያለሁት፤ የባጃጅ ጋራዥ አለኝ። ከዚያ በፊት ዱባይ አንድ ሆቢ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሰው ሰብሮ ያመጣውን ባጊ መፍታት ነበር። ስለዚህ በሽታውን እናገኘዋለን፣ አትጨነቅ።

የፍራንኮ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ ዘግቼ ወጥቼ አየኋት። የምትዞረው ወደ ኩርባው ስገባ፣ ጋዝ ስለቅ ነው። ስወጣ ጋዝ ስሰጥም ትወዛወዛለች፤ ያን ግን መልሼ እይዛታለሁ። ስለቅ የምትዞረውን ግን መመለስ አይቻልም፣ በአንዴ ነው።

ዘይቱ የባጃጅ ሞተር ዘይት ነው። ጎረቤቴ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ከጠርሙሱ የተረፈችውን ሰጠኝ። በአዲስ ሲሪንጅ ነው የሞላሁት። ንጹሕ ነበር።

ካምቢዮ

ንጹሕ መሆኑንማ አልጠራጠርም።

እሺ። ልጽፍልህ ነውና ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

የፈረንጁን ሴታፕ ተወው። ሰውየው አልዋሸህም። እሱ የሚነዳው ምንጣፍ ላይ ነው፤ አለዚያም ውሃ እያጠጡ እንደ ሊሾ ባጠነከሩት ሸክላ አፈር ላይ። እዚያ መሬቱ ጎማውን ቆንጥጦ ይይዘዋል። የነሱ ጭንቀት መኪናዋ ከመጠን በላይ ይዛ እንዳትገለበጥ ነው። ሞተሩን ወደ መሀል ያመጡትም ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሶሺዬትድ ፋብሪካ አርሲ10 ባጊ ሲወጣ ሞተሩ ከኋላ አክስል ጀርባ ነበር የተንጠለጠለው። ያኔ ሰው የሚወዳደረው ልቅ አፈር ላይ ስለነበር ኋላ ጎማ ላይ የሚጫን ክብደት ይፈለግ ነበር። ያንተ ሜዳ ለዚያ ዘመን ይቀርባል። መኪናህ ግን የዛሬ ናት። ስለዚህ የምንችለውን ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ እንገፋለን።

አሁን ወደ ሾኩ።

ሾኩ ግርጌ ላይ ዘንጉ የሚያልፍባት ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አለች፣ ኦሪንግ። አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊኮን ነው የምትሠራው። የሲሊኮን ላስቲክና የሞተር ዘይት ደግሞ አይስማሙም። ላስቲኩ ዘይቱን ይጠጣና ያብጣል። ሲያብጥ ዘንጉን ያንቀዋል። አሁኑኑ ሞክረው። አንዱን ሾክ አውልቅ፤ ሞላውንም አውጣ። ዘንጉን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ግፋው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሄድ አለበት፤ ማር ውስጥ ማንኪያ እንደምታስገባ። ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል ካለ ኦሪንጉ አብጧል።

ለምን እንደምትነጥር አሁን ገባህ? ሾኩ ታንቋል፤ አይሠራም። አንተ ደግሞ በዚያ ላይ ጠንካራ ሞላ ጨመርክበት። ከዝላይ ስታርፍ የሚተጣጠፍ ነገር የላትም። የቀራት ጎማው ነው፤ ጎማ ደግሞ ኳስ ነው።

ሌላም አለ። የሞተር ዘይት ጠዋት ሌላ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ። ማለዳ ላይ ያስተካከልካት መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ መኪና ትሆንብሃለች። የሲሊኮን ዘይትም ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ግን እንደዚያ አይደለም።

የአክስትህ ልጅ ዱባይ ካለ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ የሲሊኮን ሾክ ዘይት ያምጣልህ። ለፊት 35፣ ለኋላ 30። የአንዱ ፋብሪካ 30 ከሌላው ፋብሪካ 30 ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል በሴንቲስቶክ፣ በዘይት ውፍረት መለኪያው፣ የተጻፈውን ያንብብ፤ 30 ማለት ወደ 350 ነው፣ 35 ደግሞ ወደ 425። የሲሊኮን ኦሪንግም አብሮ ያምጣ፣ ሳንቲም ነው። እስከዚያ ድረስ ከመለዋወጫ ሱቅ ጥቁሩን ኦሪንግ ፈልግ፣ ናይትራይል የሚባለውን። እሱ ከማዕድን ዘይት ጋር ይኖራል። ከሱ ጋር የሞተር ሳይክል ፎርክ ዘይት አድርግ። የሙሽራ ልብስ አይሆንም፣ ግን ያሠራሃል።

ስትሞላ አትቸኩል። ሾኩን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ይውጣ። እስከ አፉ ሙላ። ዘንጉን ቀስ እያልክ ላይ ታች አድርገው፤ ከፒስተኑ ሥር አረፋ ሲወጣ ታያለህ። አረፋው እስኪጠፋ አስር ደቂቃ ተወው። እኔ በዚህ መሀል ነበር ሻይ የምጠጣው። ከዚያ ክዳኑን ዝጋ፤ የሚፈሰው ይፍሰስ። ሲያልቅ የግራና የቀኙን ጎን ለጎን ይዘህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ተጫናቸው። አንዱ ከቀደመ ፍታና እንደገና። እዚህ ላይ ሰነፍ የሆነ ሰው ዝላይ ላይ መኪናው ጎኗን ይዛ ስታርፍ ምክንያቱን አያገኘውም።

ሞላውን ወደ ድሮው መልሰው። ለስላሳው ነው የሚሻልህ።

ከፍታ። ባትሪዋ ውስጧ እያለ ከሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠረጴዛ ላይ ጣላት፤ ራሷ የምታርፍበትን ታገኛለች። ከዚያ ሻንሲው ሥር ያለውን ክፍተት ለካ። መለኪያ የለኝም እንዳትል። የተማሪ እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊ ገደማ ነው። ሦስቱን ደራርበህ ከሥሯ አስገባ። ሦስቱ ነክቶ ካለፈ 21 ሚሊ ነህ፤ ለጀማሪ አሪፍ ነው። ዝላዩ ላይ ሆዷን ከመታች አንድ ሁለት ሚሊ ከፍ አድርጋት።

ካምበር። የጂኦሜትሪ ሣጥን ወይም ስኳድራ ይኑርህ። ጎማው ጎን ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። የጎማው አናት ከስኳድራው 1 ሚሊ ተኩል ገደማ ወደ ውስጥ ከራቀ አንድ ዲግሪ አለህ ማለት ነው። አራቱንም እንዲህ አድርጋቸውና ከዚያ በኋላ ካምበር የሚባል ቃል ለአንድ ወር እርሳ። የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ስታያቸው አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ማዞር አለባቸው፤ በያንዳንዱ ጎን 3 ዲግሪ ገደማ። እሱ ፋብሪካው ሠርቶ ነው የሚሰጥህ፤ የቀድሞው ባለቤት ነካክቶት እንዳይሆን ብቻ እየው።

ጎማው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ጥርሱ አጭር አጭር ነው ብለሃል። ያ የሸክላ ጎማ ነው። ያንተ ሜዳ ላይ ጥርሱ አቧራውን አልፎ ጠንካራውን መሬት መንካት አለበት። ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ያለው ፈልግ። በጣም ለስላሳውን አትግዛ፤ ፓሚስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ በሁለት ቅዳሜ ይላጥልሃል። እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጎማ በጥፍር መቁረጫ አንዱን ጥርስ እየተውክ አንዱን ቁረጥ። የኋላውን ብቻ። የቀረው ጥርስ ላይ ክብደቱ ስለሚበዛ ጠልቆ ይነክሳል። የፊቱን አትንካ። እንዲያውም ፊት ያረጀ ጎማ ካለህ እሱን አድርግ። ፊቱ ከኋላው በላይ ከያዘ ጭራ መጣሉ አይቀርም።

ክብደት። ባትሪውን በማስቀመጫው ውስጥ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፋው፤ ከፊቱ ስፖንጅ ወትፍበት። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሂድና ባላንስ የሚያደርጉበትን ባለ ማጣበቂያ የእርሳስ ብረት ለምን። 30 ግራም ከኋላ አክስል አጠገብ ለጥፍ። ቡና ብትጋብዘው በነጻ ይሰጥሃል።

ጋዝ ስትለቅ የምትዞረው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱ ፍሬን ይሸተኛል። ኤሌክትሮኒክሱን ከኔ የሚሻሉ ልጆች እዚህ አሉ፤ ይምጡና ይንገሩህ።

ፎር ዊል ወይም ሞት

ጋሼ ብዙ ለፉ። ጋይሮ ያለው ሪሲቨር ግዛ፣ ስትዞር መሪውን ራሱ ይመልሳል፣ አለቀ።

ካምቢዮ

ሾኩ የታነቀ መኪና ላይ ጋይሮ መጫን እግሩ የተሰበረን ሰው መነጽር ማልበስ ነው። ይስተካከልና ከዚያ ከፈለገ ይግዛ።

የሊፖ እመቤት

ሰላም። እኔም አዳማ ነኝ፤ ኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ጋሼ የሸተታቸው ልክ ነው። ድራግ ብሬክ የሚባል ሴቲንግ አለ። ጋዙን ስትለቅ፣ አንተ ፍሬን ሳትይዝ፣ መኪናዋ ራሷ ትንሽ ፍሬን ትይዛለች። ድንጋይ ለምትወጣ መኪና ግዴታ ነው፤ ዳገት ላይ ያቆማታል። የኋላ ጎማ ብቻ ለሚገፋት ባጊ ግን መርዝ ነው። ፍሬኑ የሚይዘው ኋላውን ብቻ ነዋ። ኩርባ መግቢያ ላይ ጋዝ ስትለቅ የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ነው።

እንዲህ አረጋግጥ። መኪናዋን መጽሐፍ ላይ አስቀምጣት፤ ጎማዎቿ አየር ላይ ይሁኑ። ጋዝ ስጥና ልቀቅ። ጎማው እየተንከባለለ ቀስ ብሎ ከቆመ ሰላም ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ድራግ ብሬክ አለ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ካርድ (ሴቲንግ የሚቀየርበት ትንሽ መሣሪያ) ካለው ገብተህ 0 አድርገው። ካርድ ከሌለው በራሱ ቁልፍ ነው፤ ድምፁን እየቆጠርክ ትገባለህ። ሞዴሉን ጻፍልኝ፣ ስንተኛው ድምፅ እንደሆነ አብረን እናያለን። እዚያው ሳለህ ፓንች የሚለውንም፣ ጋዝ ስትሰጥ ጉልበቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመጣ የሚወስነውን፣ ዝቅ አድርግ። ጋዝ ስትሰጥ የምትወዛወዘው ከሱም ሊሆን ይችላል።

ሌላ አንድ ነገር። ቀጥታ ላይ የሚደርስብኝ የለም ያልከው ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ለሜዳችሁ ማርሿ ረዝሟል ማለት ነው። የማርሾቹን ጥርሶች ቁጠራቸው። ለምሳሌ ትልቁ ማርሽ 81፣ ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ 21፣ የካምቢዮው የውስጥ ጥምርታ 2.6 ቢሆን፣ 81 ለ21 ሲካፈል በ2.6 ሲባዛ 10 ገደማ ይመጣል። ሙሉ ባትሪ 8.4 ቮልት ነው፤ በ3300 ስታባዛው ሞተሩ ያለ ጭነት በደቂቃ 27,720 ይዞራል። 85 ሚሊ ዲያሜትር ባለው ጎማ ወረቀት ላይ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሹን 19 ብታደርገው 40 ይሆናል። አራቷን ኪሎ ሜትር እዚያ ሜዳ ላይ አትፈልጋትም። ሞተርህ ግን ይቀዘቅዛል። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ከታች ካለው ወደ 15 በመቶ ይሳሳል፤ ሞተር የሚያቀዘቅዝበት አየር ያንሰዋል። ትንሹን ጥርስ ስትቀይር በሁለቱ መሀል አንድ ብጣሽ የደብተር ወረቀት አስገብተህ አጥብቅ፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጣ። ክፍተቱ እሱ ነው።

ሙቀት ለመለካት በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቅኑብንን ቴርሞሜትር እንዳትጠቀም። በሰው ሴቲንግ ላይ ከትኩሳት በላይ አያነብም። እኔ ከአምስት ደቂቃ ሩጫ በኋላ በጣቴ ነው የምነካው። እስከ ሦስት መቁጠር ካልቻልኩ ትንሹን ጥርስ እቀንሳለሁ።

ባትሪህን ደግሞ አደራ። ቻርጅ ላይ ጥለህ እንዳትተኛ። እኔ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከሥሩ አሸዋ አድርጌ፣ ውጪ በረንዳ ላይ ነው የምሞላው። እናቴ ወጥ የሠራሁ መስሏት ከፍታ ያየች ቀን ጉድ ነበር። ለሳምንት የማትነዳ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጠው እንጂ ሞልተህ አታሳድረው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሣጥንም ቦታው አይደለም፤ የአዳማን ቀትር ታውቀዋለህ።

የፍራንኮ ልጅ

እህቴ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ግድግዳ እንደ መታ። ሞዴሉን በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ጋሼ፣ ሾኩንም ፈታሁት። ዘንጉ ልክ እንዳሉት ነው፤ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል። ኦሪንጉን በመርፌ ሳወጣው እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተለጥጦ መጣ። አፍሬያለሁ።

አንድ ጥያቄ። አቧራውን ጎሚስታ ጋ በኮምፕሬሰር ባስነፋትስ? ኩሽኔታዎቹ መንጫጫት ጀምረዋል።

ካምቢዮ

አታስነፋ! በዚያ ግፊት አቧራውን ኩሽኔታው ውስጥ ትሰድደዋለህ። የፓሚስ አቧራ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ ሲገባ ብረቱን ይፍቃል። ደረቅ የቀለም ብሩሽ ያዝ፤ ከሩጫ በኋላ ቁጭ ብለህ ጥረጋት። ውጪዋን ዘይትም ግራሶም አትቀባ፤ አቧራ ለመሰብሰብ ካልሆነ ጥቅም የለውም። የተንጫጫውን ኩሽኔታ ግን አውጥተህ በጣትህ አዙረው። ከሻከረ ጣለው። መጠኑ ምናልባት 5 በ10 ወይም 10 በ15 ነው፤ ለካና ከዘይቱ ጋር ዱባይ እዘዝ።

ሌላው፣ ሁሉንም በአንዴ እንዳትቀይር። ደብተር ያዝ። ቅዳሜ መጀመሪያ ድራግ ብሬኩን ብቻ ነክተህ አምስት ዙር ንዳ፣ ጻፍ። ከዚያ ሾኩን ቀይር፣ አምስት ዙር፣ ጻፍ። ከዚያ እርሳሱን። ዱባይ ሱቅ የሚመጡት ሰዎች በአንድ ማታ አስር ነገር ቀይረው ጠዋት የቱ እንዳበላሸባቸው አያውቁም ነበር። እኛም በዚያ ነበር የምንበላው።

ውሃ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ኩርባዎቹ ላይ ብቻ አንዳንድ ጀሪካን አርከፍክፉ። ነፋሱ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ትጠቀማላችሁ።

የፍራንኮ ልጅ

ቅዳሜ ማታ ነው የምጽፈው። አፍንጫዬ ውስጥ አሁንም አቧራ አለ።

በደብተሬ እንዳለ ልንገራችሁ። የሊፖ እመቤት ካርድ አውሳኝ፤ ከፍቼ ሳይ ድራግ ብሬኩ 40 በመቶ ላይ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ድንጋይ ሲያስወጣባት ኖሮ መሆን አለበት። 0 አደረግኩት። ሌላ ምንም ሳልነካ አምስት ዙር ነዳሁ። ባለፈው ሳምንት በየዙሩ እየዞረች አሥራ ምናምን ጊዜ ያነሳኋት መኪና ዛሬ ሁለቴ ብቻ ዞረች። ስድስት ወር ሙሉ የእጅ ፍሬን ስቤ ስነዳ ነበር ማለት ነው።

ቀጥዬ ሾኩን። ጥቁር ኦሪንግ ፍለጋ ፖስታ ቤት አካባቢ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ሦስተኛው ጋ ባለ 3 ሚሊውን አገኘሁ። ባለ ሱቁ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ስነግረው ልጆቹን ጠርቶ አሳቀብኝ፤ ግን ቅናሽ አደረገልኝ። ፎርክ ዘይት ሞላሁ፤ አረፋው እስኪጠፋ አስር ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ሻይም ጠጣሁ። ለስላሳውን ሞላ መለስኩ። ማዳበሪያው ላይ ስትዘል አየሁና አላመንኩም። ድሮ ጧ ነበር የምትለው፤ አሁን ጭብ አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ጎማውን ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ በጥፍር መቁረጫ ስቆርጠው እህቴ ጤንነቴን ጠይቃኛለች። እርሳሱን ጎሚስታው በእውነትም በነጻ ሰጠኝ። ከእርሳሱ በኋላ ኩርባ መውጫ ላይ ረጋ ብላለች፤ ፊቷ ግን ትንሽ ቸልተኛ ሆኗል፣ መሪ ስሰጣት ዘግየት ትላለች። ከ30 ወደ 20 ግራም ባወርደው ይሻላል መሰለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፌዋለሁ።

አንዱን ዙር በ34 ሰከንድ ነበር የምጨርሰው፤ ዛሬ 29 ገብቻለሁ። የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ አሁንም በልጦኛል፣ ግን በሁለት ሜትር። ሲጨርስ መጣና ዝቅ ብሎ ሥሯን አየ። «ምን አድርገሃት ነው?» አለኝ። ምንም አልኩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀኝ የፊት ሾክ ብቻ ያልባል። ኦሪንጉ አዲስ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ነው የገጠምኩት። ሦስቱ ደረቅ ናቸው፤ እሱ ብቻ ከሩጫ በኋላ ሥሩ ላይ ጭቃ ይሠራል።

ካምቢዮ

ደግ አደረግህ፣ ለልጁም አትንገረው።

ዘንጉን አውጣና በጥፍርህ ከላይ እስከ ታች ዳብሰው። የሚይዝህ ጭረት ካለ ፓሚስ ነው የፋቀው፤ አዲሱንም ኦሪንግ እየላገ ያሳልባል። ያንን ዘንግ ከዘይቱ ጋር እዘዝ። እስኪመጣ በየሳምንቱ ከላይ እየሞላህ ንዳ።

ሜዳውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው አይደል የምትዞሩት፣ ወደ ግራ? ወደ ግራ ስትዞር ቀኝ ፊቱ ነው ሸክሙን የሚበላው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገልብጣችሁ ዙሩ። ሰባተኛ ክፍሉም መስመሩን እንደ አዲስ ይማራታል።